የቴስታታ ብሎን በመለኪያ እንጂ በእጅ ግምት አይጥበቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ጋዜጦቻችን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ጽፈዋል፤ መጻፋቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም ውሳኔው ሌላም ውጤት አለው። በእጃችን ላለው አሮጌ መኪና በቀላሉ ምትክ ስለማይገኝለት ከቀድሞው ይልቅ ለረጅም ዓመት በመንገድ ላይ ይቆያል፤ ሞተሩም ተደጋግሞ ይከፈታል። ዛሬም ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሚወጣውን የመኪና ሰልፍ ቆሞ የሚመለከት ሰው ዕድሜ የጠገቡ ኮሮላዎችን፣ ሰማያዊና ነጭ ሃይኤሶችን፣ አልፎ አልፎም እስካሁን የሚሠሩ ላዳዎችንና ቮልሶችን ያያል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እነዚህን ሞተሮች ስለሚመለከት አንድ ሥራ ነው፤ እርሱም ቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል፣ ከተከፈተ በኋላ ብሎኖቹን መልሶ የማጥበቅ ሥራ ነው።

የሞተር ጥገና በማስተማር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ከፒያሳ እስከ ጎጃም በረንዳ፣ ከዚያም እስከ ሶማሌ ተራ ባሉት ጋራዦች የሚሠሩትን የቀድሞ ተማሪዎቼን እየዞርኩ እጠይቃለሁ። በየሄድኩበት የምሰማው አቤቱታ ተመሳሳይ ነው። ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር የሚገባው ስስ ማሸጊያ) ተቀይሮ፣ ቴስታታው ታጥቦ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ መኪናው ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራዲያተሩ ውሃ ይተፋል፣ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩም እንደገና ይከፈታል። ባለንብረቱ መካኒኩን ይወቅሳል፤ መካኒኩ ጓርኒሲዮኑ ኦሪጅናል አይደለም ይላል፤ ዕቃ ሻጩ ደግሞ አገጣጠሙን ይጠረጥራል። በገበያው ውስጥ ጥራት የሌለው ጓርኒሲዮን መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ተመልሶ የተከፈተ ሞተር ባየሁ ጊዜ አስቀድሜ የምጠይቀው ብሎኖቹ በስንት ቶርክ፣ ማለትም በምን ያህል የማዞር ኃይል፣ እንደጠበቁ ሲሆን፣ የማገኘው መልስ በአብዛኛው «በደንብ ጠብቀዋል» የሚል ነው። በቁጥር ያልተነገረ መጥበቅ ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። እኔ የማምነው ዳግመኛ ከሚከፈቱት ሞተሮች ብዙዎቹን ያበላሸው ጓርኒሲዮኑ ሳይሆን ይህ ያልተለካ አጠባበቅ መሆኑን ነው፤ ምክንያቴንም አስረዳለሁ።

ቴስታታን ሲሊንደሮቹ ካሉበት የሞተሩ አካል፣ ከብሎኩ ጋር አጣብቀው የሚይዙት ብሎኖቹ ናቸው። በመካከል ያለው ጓርኒሲዮን ሦስት ነገሮች እንዳይገናኙ ይከላከላል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለውን ጋዝ፣ በግፊት የሚዘዋወረውን ዘይትና የማቀዝቀዣውን ውሃ። የቃጠሎው ግፊት 50 ባር ቢደርስ፣ ስፋቱ 81 ሚሊሜትር በሆነ ሲሊንደር ላይ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 2.6 ቶን ገደማ ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ግፊት በእያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይደጋገማል። ብሎኖቹ ይህን ሁሉ የሚቋቋሙት ብረታቸው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በሚጠብቁበት ጊዜ በጥቂቱ ይለጠጣሉ፤ ወደ ቀድሞ ርዝመታቸው ለመመለስ በሚያደርጉት መሳብም ቴስታታውን ወደ ብሎኩ ይጎትቱታል። ስለዚህ መካኒኩ በእውነት የሚፈልገው ብሎኑ በተወሰነ መጠን እንዲለጠጥ ነው፤ ቶርክ የምንለው ልክ ያንን መጠን በተዘዋዋሪ የምንደርስበት መንገድ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መፍቻውን ስንስብ ከምናወጣው ኃይል ግማሽ ያህሉን በብሎኑ ራስ ሥር ያለው ፍትጊያ ይበላዋል፤ 40 በመቶ የሚሆነው በጥርሱ ላይ ይጠፋል፤ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ በመካኒካል ምህንድስና ዘንድ የታወቀ ግምታዊ ስሌት ሲሆን፣ የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም፤ ፍትጊያው በጥቂቱ ሲለወጥ ለብሎኑ የሚተርፈው ኃይል እጅግ ይለወጣል። አንዱ ብሎን ዝገት እንደያዘ፣ ሁለተኛው በዘይት እንደራሰ፣ ሦስተኛው ታጥቦ እንደደረቀ ቢገቡ፣ ሦስቱም በመካኒኩ እጅ ላይ እኩል የጠበቁ ሆነው ይሰማሉ፤ ቴስታታውን የሚይዙት ግን እጅግ በተለያየ ኃይል ነው። እጅ የሚሰማው ፍትጊያውን እንጂ የብሎኑን መለጠጥ አይደለም። የልምድ ብዛትም ይህን አይለውጠውም፤ ዕድሜውን በሙሉ በጋራዥ ያሳለፈ ሰው እንኳ በብረቱ ውስጥ ያለውን ነገር በክንዱ ሊያውቅ አይችልም።

እውነቱን ለመናገር የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳየው ቶርክ መፍቻም ቢሆን የሚለካው ፍትጊያውን ጨምሮ ጠቅላላውን ኃይል ነው። ለዚህም ነው ጽዳቱ ከመለኪያው እኩል የሚከብደው። የብሎኖቹ ጥርስ በሽቦ ብሩሽ መጽዳት አለበት፤ የብሎኩ ቀዳዳዎችም ከዝገት፣ ከካርቦንና ከአሮጌ ማጣበቂያ መጽዳት አለባቸው። ማንዋሉ፣ ማለትም የሞተሩ የጥገና መመሪያ መጽሐፍ፣ በጥርሱና በብሎኑ ራስ ሥር ስስ የሞተር ዘይት እንዲቀባ ካዘዘ ይቀባል፤ ደረቁን እንዲገባ ካዘዘ ደረቁን ይገባል። በማንዋሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተሰላው ለዚያ ሁኔታ ብቻ ስለሆነ፣ በደረቅ የታዘዘውን በዘይት፣ በዘይት የታዘዘውን በግሪስ መቀየር ቁጥሩን ትርጉም ያሳጣዋል። ብሎኑ ወደ ውሃው መተላለፊያ ዘልቆ በሚገባባቸው አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ጥርሱ ውሃ የማያሳልፍ ማሸጊያ ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ በቀዳዳው ውስጥ የሚቀር ፈሳሽ ነው። ቴስታታው ሲነሣ ውሃና ዘይት ወደ ብሎን ቀዳዳዎቹ ይወርዳሉ፤ ቀዳዳው ከታች ድፍን ከሆነ መውጫ የላቸውም። ፈሳሽ ደግሞ አይታመቅም። ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ፈሳሹም መውጫ ሲያጣ የብሎኩን ግድግዳ ወደ ጎን ይገፋል፤ በዚህ ምክንያት ብሎክ ሊሰነጠቅ ይችላል። ባይሰነጠቅ እንኳ መፍቻው ልኩ ላይ የደረሰው ፈሳሹ ስላገደው እንጂ ቴስታታው ስለተያዘ ስላልሆነ፣ ያ ብሎን ጠብቆ የሚታይ ልል ብሎን ሆኖ ይቀራል። እያንዳንዱን ቀዳዳ በጨርቅ አድርቆና በኮምፕሬሰር አየር ነፍቶ ማጽዳት፣ ዓይንን በመነጽር መከለል ሳይዘነጋ፣ ብዙ ጊዜ የማይወስድ ሥራ ነው።

ስለ ቴስታታው ፊት ቀጥ ማለት ብዙ አልልም፤ ይህን አብዛኞቹ መካኒኮቻችን በሚገባ ያውቁታል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ፊት ላይ በቁመት፣ በወርድና በሰያፍ አስቀምጦ፣ በሥሩ ስስ የክፍተት መለኪያ ብረት ማሳለፍ ነው፤ ለኮሮላው 4A-FE ሞተር ቴስታታ የተፈቀደው መጣመም ከ0.05 ሚሊሜትር አይበልጥም። የማልቀበለው ግን አሮጌውን ጓርኒሲዮን ለማስለቀቅ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሚሽከረከር ዲስክ አሉሚኒየሙን መፈተግ ነው፤ በዓይን የማይታይ ጎድጓዳ ሥፍራ ስለሚያበጅ የትኛውም ቶርክ አይደፍነውም።

ወደ ቅደም ተከተሉ ልለፍ። ሲፈታ ሞተሩ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ አፈታቱም ከዳርና ከዳር ተጀምሮ ወደ መሐል የሚሄድ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ የሚላላ ነው። ሙቅ ቴስታታን በአንድ ወገን ብቻ ፈትቶ መተው ቀጥ ያለውን ያጣምመዋል። ሲጠብቅ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከመሐሉ ሁለት ብሎኖች ይጀመርና ወደ ውጭ በመስቀልኛ እየተዞረ ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሐሉ ቀድሞ ሲያዝ ጓርኒሲዮኑ ወደ ዳርቻው እየተዘረጋ ይተኛል፤ ዳርና ዳሩ ቀድሞ ከተያዘ ግን መሐሉ ላይ የተረፈው ነገር መሄጃ አጥቶ ታፍኖ ይቀራል፤ ጓርኒሲዮኑ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል የሚነድደውም ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። በተጨማሪም ሁሉም ብሎኖች በመጀመሪያው ዙር በዝቅተኛ ልክ፣ በሁለተኛው ከፍ ባለ፣ በመጨረሻው በሙሉ ልክ መጥበቅ አለባቸው። አንዱን ብሎን በአንድ ጉልበት እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ቀጣዩ የሚሄድ ሰው፣ የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቅ የመጀመሪያውን እያላላው መሆኑን ማወቅ አለበት።

ስለ ልኮቹ ስንናገር «ሁሉም ያው ነው» የሚለው አባባል ምን ያህል ጉዳት እንዳለው የሚታየው በከተማችን ያሉትን ሞተሮች እርስ በርስ ስናስተያይ ነው። ከፊያት 124 የተወረሰው የላዳ 2101 ሞተር ቴስታታ በ10 ትላልቅ ብሎኖችና ከዳር ባለች አንዲት አነስተኛ ብሎን ይያዛል። ትላልቆቹ በመጀመሪያው ዙር ከ33 እስከ 41፣ በሁለተኛው ከ96 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ ትንሿ ግን ከ31 እስከ 39 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ከትላልቆቹ ጋር እኩል የሚያጠብቃት ይቆርጣታል። የኮሮላው 4A-FE ሁሉም ብሎኖቹ በ29 ኒውተን ሜትር ከጠበቁ በኋላ እያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ፣ ከዚያም እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራሉ። የዚህ ሞተር ብሎኖች ሁለት ዓይነት ርዝመት አላቸው፤ 90 ሚሊሜትሮቹ በአየር መግቢያው በኩል፣ 108 ሚሊሜትሮቹ በጭስ መውጫው በኩል ይገባሉ፤ በአንድ ጣሳ ተጥለው ከተደባለቁ በኋላ እንደመጣ ማስገባት ትልቅ ጥፋት ነው። የሃይኤሱ 2L የናፍጣ ሞተር 78 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ 90 ዲግሪ ይፈልጋል። በአየር የሚቀዘቅዘው ቮልስ ደግሞ ብሎን ሳይሆን ባለ ዳዶ ዘንግ ያለው ሲሆን፣ የ10 ሚሊሜትሩ ዳዶ የሚጠብቀው በ31 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የቮልስ ሞተር ቤት ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ፣ በላዳ ልክ ያጠበቀው መካኒክ ዘንጉን ከነጥርሱ ይነቅለዋል። አንድ መካኒክ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራቱንም ሊሠራ ይችላል፤ አራቱንም በአንድ የእጅ ስሜት ሊያጠብቅ ግን አይገባውም። በባለንብረቱ እጅ ያለው ማንዋል እኔ ከጠቀስኩት የተለየ ቁጥር ቢሰጥ የሚታመነው ማንዋሉ ነው።

መለኪያው ራሱ ካልተስተዋለ ሊያሳስት ይችላል። ወደ ገበያችን የሚመጡ ቶርክ መፍቻዎች አንዳንዶቹ በኒውተን ሜትር፣ አንዳንዶቹ በኪሎ ግራም ሜትር፣ ሌሎቹ በፉት ፓውንድ የተጻፉ ናቸው። 1 ኪሎ ግራም ሜትር 9.8 ኒውተን ሜትር ነው፤ 1 ፉት ፓውንድ ደግሞ 1.36 ኒውተን ሜትር ነው። በማንዋሉ ላይ 78 ኒውተን ሜትር የተባለውን በፉት ፓውንድ በተጻፈ መፍቻ 78 ላይ አድርጎ የሚያጠብቅ ሰው ከታዘዘው በላይ ከሲሶ የበለጠ ጨምሯል፤ ከዚያ በኋላ 180 ዲግሪ ሲያዞረው ብሎኑ ቢበጠስ ሊገርመው አይገባም። መፍቻው በእርጋታ ይሳባል፤ ድምፁን ሲያሰማ ይቆማል፤ ለማረጋገጥ ተብሎ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ አይሳብም። ብሎን ለመፍታት አያገለግልም። ባለ ድምፁ ዓይነት ሥራው ሲያልቅ ወደ ዝቅተኛው ልኩ ተመልሶ መቀመጥ አለበት፤ ከፍ ባለ ልክ እንደታፈነ የሚያድር ከሆነ የውስጡ ስፕሪንግ ይደክማል፤ የሚያሳየው ቁጥርም ቀስ በቀስ ከእውነቱ ይርቃል።

በዲግሪ ስለሚዞሩት ብሎኖች አንድ ነገር ማከል እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በዕድሜ የገፉ መካኒኮቻችን በብዛት የሚጠራጠሩት ይህን ነው። 29 ኒውተን ሜትር ሲባል ትንሽ ስለሚመስላቸው ከራሳቸው ይጨምሩበታል። ትንሽ የሆነው ግን ሆን ተብሎ ነው። የመጀመሪያው ልክ ብሎኑንና ጓርኒሲዮኑን ለማስተኛት ብቻ ነው፤ ዋናው መለጠጥ የሚመጣው ከዙሩ ነው። ዙር ደግሞ የጥርሱን እርምጃ ስለሚከተል በፍትጊያ መለዋወጥ እንደ ቶርክ አይታለልም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ በቀለም ነጥብ አድርጎ፣ ነጥቡ ሩብ ዙር መሄዱን በዓይን እያዩ መሥራት ይበቃል፤ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ሆኖም እንዲህ የሚለጠጡ ብሎኖች ከሞተር ወደ ሞተር ይለያያሉ፤ ማንዋሉ በየጊዜው አዲስ እንዲገባ የሚያዝ ከሆነ ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ብሎን ምትክ ሊሆን አይችልም። መልሶ መጠቀም በሚፈቀድበትም ቢሆን ብሎኖቹን ጎን ለጎን አቁሞ ርዝመታቸውን ማስተያየት፣ ንጹሕ ዳዶም በጥርሱ ላይ በጣት እስከ ላይ መሄዱን ማየት ያስፈልጋል። ዳዶው መሐል ላይ የሚይዝ ከሆነ ያ ብሎን ተስቦ ቀጥኗል፤ መጣል አለበት።

አሮጌዎቹ ሞተሮች ከአዲሶቹ የሚለዩበት ሌላው ነገር ድጋሚ ማጥበቅ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ብሎን ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ ቴስታታው አሉሚኒየም በሆነ ሞተር ላይ፣ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲግል በብሎኖቹ ላይ ያለው ኃይል ከፍ ይላል፤ ለስላሳው የቀድሞ ዓይነት ጓርኒሲዮን በዚያ ኃይል ይበልጥ ይታመቃል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ጓርኒሲዮኑ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ስለማይመለስ ብሎኖቹ ልል ሆነው ይቀራሉ። ድጋሚ ማጥበቅን የሚያዙ ማንዋሎች ያለ ምክንያት አላዘዙም። ሥራው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ አንድ ብሎን በአንድ ጊዜ ብቻ እየተነካ የሚከናወን ነው። ቴስታታው በዚህ ጊዜ በጥቂቱ ዝቅ ስለሚል የቫልቭ ክፍተቱ እንደገና መለካት አለበት። በዲግሪ ለሚዞሩትና ከስስ ብረት ንብርብር ለተሠሩት አዳዲስ ጓርኒሲዮኖች ግን ይህ አይሠራም፤ እነርሱን ደግሞ መንካት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ጓርኒሲዮኑ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይታወቅ ድጋሚ ማጥበቅም፣ ድጋሚ አለማጥበቅም ዕድልን መሞከር ነው።

ወደ ከተማችን ልመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የኮሮላ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው በሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል የሚቀረው ርቀት 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ጤነኛ ክዳን 0.9 ባር ሲይዝ መፍያውን ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ከአፍንጮ በር ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ ሽሮ ሜዳ ሰው ሞልታ በማርሽ የምትወጣ ሚኒባስ ያረጀ ክዳን ይዛ ከሆነ ውሃዋ መፍላቱ አይቀርም፤ ሲፈላ እንፋሎቱ የቴስታታውን ግድግዳ ከውሃ ያራቁተዋል፤ አሉሚኒየሙም ይጣመማል። ስለሆነም ቴስታታ የሚከፍት ጋራዥ ክዳኑን፣ ራዲያተሩን፣ ቴርሞስታቱንና የውሃ ፓምፑን ሳይመረምር መዝጋት የለበትም። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲሠራና እንዲያረጅ ያደርገዋል እንጂ የሙቀቱን መነሻ አያስወግድም።

ቶርክ መፍቻ ለአንድ አነስተኛ ጋራዥ ውድ ነው የሚሉኝ ሰዎች እውነት አላቸው። እኔም ይህን ወጪ አላቃልልም። ነገር ግን በጎጃም በረንዳ ዙሪያ ያሉ ጋራዦች ግንብ ለግንብ የተያያዙ ናቸው፤ ቴስታታም በየቀኑ በየጋራዡ አይዘጋም። ጎረቤታሞች ዕቁብ ገብተው አንድ መልካም መፍቻ በጋራ ቢገዙ፣ ተረካቢውንም ቢመድቡ፣ ለሁሉም ይበቃል። መርካቶ ውስጥ በርበሬ የሚገዛ ሰው ነጋዴው በእጁ ገምቶ እንዲሰፍርለት አይፈቅድም፤ ሚዛኑን አይቶ ይከፍላል። እንደ ተግባረ ዕድና እንደ እንጦጦ ባሉ የሙያ ኮሌጆች የሰለጠኑ ወጣቶች ወደ ጋራዥ ሲገቡ «ይህ የትምህርት ቤት ነገር ነው» እየተባሉ መለኪያውን እንዲተዉ ሲደረግ ማየት ያሳዝነኛል። ሽማግሌዎቹ መካኒኮች የማይተካ ዕውቀት አላቸው፤ ከድምፁ ብቻ የትኛው ቫልቭ እንደላላ የሚለዩ ሰዎችን አውቃለሁ። ያ ዕውቀት ከመለኪያው ጋር ቢተባበር ኖሮ የሚደርስበት ደረጃ ከፍ ያለ ነበር።

ባለንብረቶችም ኃላፊነት አለብን። መኪናውን ጠዋት አስገብቶ ማታ ካልወሰድኩ የሚል ባለንብረት፣ መካኒኩን ቀዳዳ ከማድረቅና ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ከመጠበቅ ያስቸኩለዋል፤ ታክሲ የሚያሠራ ሰው የቀኑ ገቢ እንደሚቀርበት አውቃለሁ፤ ዳግመኛ ሲከፈት የሚቀርበት ግን የብዙ ቀን ገቢ ነው። ቴስታታ ከማስከፈታችሁ በፊት የሞተሩን ዓይነት እወቁ፤ በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር በቶዮታዎች ላይ እንደ 4A ወይም 2L ባለው የሞተሩ መለያ ስለሚጀምር፣ ትክክለኛውን የማንዋል ቁጥር ለማግኘት ይረዳል። ሥራው ሲያልቅ በደረሰኙ ላይ ዋጋው ብቻ ሳይሆን የጓርኒሲዮኑ ዓይነት፣ ብሎኖቹ አዲስ ወይም ያገለገሉ መሆናቸው፣ እያንዳንዱ ዙር የጠበቀበት ልክ ከነመለኪያው ስም፣ የዙሩ ዲግሪና ድጋሚ ማጥበቅ የሚያስፈልገው ከሆነ የሚመለስበት ጊዜ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። የጋራዥ ባለቤቶች ደግሞ ይህን ሳይጠየቁ ቢጽፉ፣ ሞተሩ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ጥፋቱ የጓርኒሲዮኑ፣ የክዳኑ ወይም የአጠባበቁ መሆኑን ወረቀቱን አይቶ መለየት ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፤
ጡረታ የወጣ የሞተር ጥገና መምህር፣ ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ